ኩንታሉ የት ላይ አረፈ? በአዲስ አበባ ዳርቻ የጭነት ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ቃሊቲ

ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ያለው የመንገድ ዳር በከባድ መኪና ተይዟል። ከባድ መኪና በሥራ ሰዓት ወደ መሃል ከተማ እንዳይገባ የሰዓት ገደብ ስላለ፣ ሌሊት ያላራገፈ ሁሉ ሸራውን እንደለበሰ እዚህ ይጠብቃል። ዝናብ የጠጣ ሸራና የራሰ ጭነት ማንም ሳይቆጥረው ክብደት ይጨምራል፤ ቅዳሜ ማታ የተመዘነ መኪና ሰኞ ጧት ሌላ ኪሎ ነው።

የሳምንቱ መንገድ ከተማዋን በዳር በዳር ይዞራል፤ ቃሊቲ፣ አቃቂና ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ሰንዳፋ። በየመውጫው የሚጫነው ይለያያል፦ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ኮንቴነር፣ ጠጠርና አሸዋ፣ አጣና፣ የሱቅ ዕቃ። ጭነቱ በየአክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ስንት እንደሚያርፍ ለማስላት መነሻ የሚሆነው መኪና ባለ ሁለት አክስል ነው። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 5 ሜትር ይለካል፤ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) 6.2 ሜትር ነው፤ ካሶኒው የሚጀምረውም ከፊት አክስል 80 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ነው።

ደላላም ባለንብረትም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብዙ ባሌስትራ (መኪናው የተቀመጠበት ድርብርብ የብረት ቅጠል) የሚሰበረው ይህ ጥያቄ ብቻውን ተጠይቆ ሲቀር ነው። መጠየቅ ያለበት ስንት ኩንታል በየትኛው አክስል ላይ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ባዶው ይመዘናል። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን ግድግዳ) ከፍ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ የናፍጣ ሰልባትዮ ተገጥሞ፣ ትርፍ ጎማ ተጨምሮ፣ ሻንሲው ተደርቦ ሊሆን ይችላል። 400 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 340 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰልባትዮው ሞልቶ፣ ሹፌሩና ረዳቱ ተቀምጠው፣ ሸራው፣ ገመዱና ታኮው ተጭኖ ወደ መሬት ሚዛን መውጣት ይሻላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጥተው ይነበባል፣ ከዚያ መላው መኪና፣ ከዚያ የፊቱ ወርዶ የኋላው ብቻ። በሚነበብበት ጊዜ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ፍሬኑም ይለቀቅ። ፍሬን ተይዞ የቆመ መኪና ባሌስትራው ተወጥሮ ስለሚቀር የአንዱን አክስል ክብደት ወደ ሌላው ይሰጣል። የፊቱና የኋላው ድምር ከመላው ንባብ በ200 ኪሎና ከዚያ በላይ ከተለያየ የሚዛኑ መግቢያ ከሚዛኑ ጋር አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ያንን የአክስል ንባብ ማመን አይገባም።

የኛ መኪና ባዶውን ፊቱ 3.5 ቶን፣ ኋላው 3 ቶን፣ ድምሩ 6.5 ቶን ነው። በአገራችን የሚሠራበት ወሰን ለፊት መሪ አክስል 8 ቶን፣ አራት ጎማ ለተሸከመ ነጠላ የኋላ አክስል 10 ቶን ነው። ፋብሪካው በመኪናው ላይ ለጥፎት የሚወጣው የብረት ሰሌዳ ከዚህ ያነሰ ከጻፈ የሚሠራው ያነሰው ነው፤ ሕጉ መንገዱን ይጠብቃል እንጂ የመኪናውን ሞዞ (የጎማ እምብርት) እና ኩሽኔታ አያጠነክርም።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትበት ስሌት ይመጣል። 8 እና 10 ሲደመር 18 ቶን። ከዚህ ባዶው 6.5 ሲቀነስ 11.5 ቶን ይቀራል፤ «115 ኩንታል ይጭናል» ይባላል። አይጭንም። ካሶኒው ላይ እኩል የተዘረጋ ጭነት የክብደቱ ማዕከል የካሶኒው መሃል ነው፤ ከኋላ አክስል 1.1 ሜትር ብቻ ወደ ፊት። ፊተኛው አክስል የሚደርሰው 1.1 ለ5 ሲካፈል ነው፣ ማለትም 22 በመቶ። የቀረው 78 በመቶ ኋላ ላይ ይወድቃል። 110 ኩንታል ቢጫን ከ11 ቶን ውስጥ 8.58 ቶን ኋላ ላይ ያርፋል፤ ከባዶው 3 ቶን ጋር 11.58 ቶን። ጠቅላላው 17.5 ቶን ነው፣ ከ18 በታች። የኋላ አክስሉ ግን አንድ ቶን ተኩል ያህል አልፏል። ፊቱ ደግሞ ገና 5.92 ላይ ነው፤ 2 ቶን የሚያህል ቦታ ባዶውን ተቀምጧል።

እኩል ተዘርግቶ ኋላው 10 ቶን የሚሞላው በ90 ኩንታል ግድም ነው። 100 ኩንታል መጫን ከተፈለገ ክብደቱ ወደ ፊት መሳብ አለበት። ለዚህ መኪና በቃል ሊያዝ የሚችል ደንብ አለ፦ አንድ ኩንታል 1 ሜትር ወደ ፊት ሲገፋ 20 ኪሎ ከኋላ አክስል ወደ ፊት አክስል ይሻገራል (100 ኪሎ ለ5 ሜትር)። 100 ኩንታል እኩል ሲዘረጋ ኋላው 10.8 ቶን ይሆናል። የተረፈውን 800 ኪሎ ለማሻገር 20 ኩንታል ከኋላ አንስቶ 2 ሜትር ወደ ፊት መውሰድ ይበቃል፤ ወይም 10 ኩንታል 4 ሜትር። ያኔ ኋላው ልክ 10፣ ፊቱ 6.5 ቶን ላይ ይቆማል። ጭነቱ ሲሚንቶ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ 40 ከረጢት ከኋለኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ ፊት ይደረደራል። ለጫኞቹ «ወደ ፊት ጨምሩልኝ» ከማለት «ከመጨረሻው ረድፍ 40 ከረጢት አንሡና ሁለት ሜትር ወደ ጋቢናው አምጡልኝ» ማለት ያዋጣል፤ ቁጥር ያልተነገረው ጫኝ ለእጁ የቀረበውን ቦታ ነው የሚሞላው።

ደንቡን ለሌላ መኪና ለመጠቀም 100ን በሁለቱ አክስሎች መካከል ባለው ሜትር ማካፈል ነው። 4 ሜትር ከሆነ 25 ኪሎ፣ 6 ሜትር ከሆነ 17 ኪሎ ያህል።

ማክሰኞ፣ አቃቂና ገላን

በአቃቂና በገላን የብረት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። የሚጫነው ፌሮ ነው። ቁመቱ 12 ሜትር ስለሆነ በአጭር ካሶኒ የሚሄደው መሃሉ ላይ ታጥፎ ነው፤ ታጥፎ 6 ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ ከትናንቱ ሲሚንቶ ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። 6 ሜትር ብረት በ6.2 ሜትር ካሶኒ ውስጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድበት ቦታ የለውም። የክብደቱ ማዕከል እዚያው የካሶኒው መሃል ላይ ተቸንክሯል። ስለዚህ ለዚህ መኪና የፌሮ ጣሪያው 90 ኩንታል ነው፤ ሲሚንቶ 100 ጭኗልና ፌሮም 100 ይጭናል የሚል ክርክር ዋጋ የለውም። 10 ኩንታሉን ለማስገባት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ 6 ሜትር ያልሆነ አጭር ዕቃ (የሚስማር ካርቶን፣ የማሰሪያ ሽቦ ጥቅል) ከጋቢናው ጀርባ ወደ ፊት ግድግዳው አስጠግቶ ማስቀመጥና ኋላው 10 ቶን እንዳያልፍ የፌሮውን ቁጥር መቀነስ።

ፌሮ በመቁጠር ይመዘናል። የውፍረቱ ሚሊሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትር ኪሎ ይወጣል። ባለ 8 በሜትር 0.395 ኪሎ፣ ባለ 10 0.617፣ ባለ 12 0.889፣ ባለ 16 1.58፣ ባለ 20 2.47። ባለ 12 አንዱ ዘንግ 10.7 ኪሎ ገደማ ነው፤ 90 ኩንታል ማለት 844 ዘንግ ነው። ባለ 16 ከሆነ 474 ዘንግ። ደረሰኙ ላይ ያለው ኪሎና የዘንጉ ቁጥር በጣም ከተራራቁ ከግቢው ሳይወጡ መጠየቅ ይገባል። መንገድ ላይ ሚዛን ሲያስቆም የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው፤ መጋዘን ጠባቂው እዚያ የለም።

ፌሮ ከክብደቱ ይልቅ በመንሸራተቱ ይገድላል። በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር መመዘኛ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ከክብደቱ 80 በመቶ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይገፋል ተብሎ ይታሰባል፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ። ለ9 ቶን ፌሮ ወደ ፊት የሚገፋው 7.2 ቶን ነው። ብረት በባዶ ብረት ወለል ላይ ተቀምጦ ሰበቃው 0.2 ቢሆን የሚይዘው 1.8 ቶን ብቻ ነው፤ 5.4 ቶን ጋቢናውን ሊወጋ ይመጣል። ከሥሩ ደረቅ ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) ተዘርግቶ ሰበቃው 0.4 ቢደርስ 3.6 ቶን በሰበቃ ይያዛል፣ የቀረውን 3.6 ቶን የካሶኒው የፊት ግድግዳና ሰንሰለት ይከፍሉታል። አራት ሞራሌ ይህን ያህል ይለውጣል። ዘይት የነካው ወይም ጭቃ ያለበት ሞራሌ ግን ከሌለ አይሻልም።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። የታጠፈው ጫፍ ወደ ጋቢናው፣ ክፍቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቢንሸራተትም ሹል ጫፉ ወደ ሰው አይመጣም። የመጀመሪያው ጥቅል ግድግዳውን ነክቶ ይቀመጣል፤ በመካከል 30 ሳንቲሜትር ከተተወ ብረቱ ፍጥነት አግኝቶ ነው ግድግዳውን የሚመታው። ሰንሰለቱ ከላይ ወደ ታች የሚጫን ብቻ ሳይሆን፣ ቢያንስ አንዱ የጥቅሉን ፊት አቅፎ ወደ ኋላ የሚጎትት መሆን አለበት። የፌሮ ጥቅል ሲንቀጠቀጥ እርስ በርሱ እየገባ ይቀንሳል፤ ገላን ላይ ጠብቆ የታሰረ ሰንሰለት ዱከም ሲደረስ ይላላል። ከተነሡ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ ማጥበቅ ግዴታ ነው።

ረቡዕ፣ ዱከም

ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣው ኮንቴነር በዱከም በኩል ነው የሚያልፈው፤ እዚሁ ያለው የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞንም ብዙውን ይቀበላል። ከአቃቂ አጠገብ ያለው የእንዶዴ የባቡር ጣቢያም ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴነር ወደ መኪና የሚሻገርበት ነው። እዚህ የሚታየው ስህተት ባለ 20 ጫማ ከባድ ኮንቴነር በረጅም ሰሚ ትሬለር ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 6.06 ሜትር ነው፤ ባዶው ከ2.2 እስከ 2.4 ቶን፣ ሞልቶ እስከ 30.48 ቶን እንዲደርስ ይፈቀዳል። ትሬለሩ 12.4 ሜትር ወለል አለው እንበል፤ ከጎታቹ ጋር የሚያያዝበት ፔርኖ ከፊት 1 ሜትር ላይ፣ የሦስቱ አክስሎች መሃል ከፊት 8.7 ሜትር ላይ። በፔርኖውና በአክስሎቹ መካከል 7.7 ሜትር ይሆናል። ኮንቴነሩ 24 ቶን ይሁን።

ብዙ ጊዜ በሩ ለማራገፍ እንዲመች ወደ ኋላ ጫፍ ይቀመጣል። ያኔ ማዕከሉ ከፊት 9.2 ሜትር ገደማ ላይ ይወድቃል፣ ከአክስሎቹ መሃል ግማሽ ሜትር አልፎ። ውጤቱ ፔርኖው ላይ ክብደት መጫን ሳይሆን 1.5 ቶን ያህል ወደ ላይ ማንሣት ነው። የጎታቹ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ይሾራሉ፣ ፍሬን ሲያዝ ትሬለሩ ጎታቹን ከጎን ይገፋል። ሦስቱ የትሬለር አክስሎች ደግሞ ከ25 ቶን በላይ ብቻቸውን ተሸክመዋል፣ የትሬለሩ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር።

ወደ ፊት ጫፍ ቢቀመጥ ማዕከሉ 3.2 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ ከ24 ቶን ውስጥ 17.1 ቶን ጎታቹ ላይ፣ 6.9 ቶን ትሬለሩ አክስሎች ላይ። ለእያንዳንዱ የጎታች የኋላ አክስል 10 ቶን ቢታሰብ እንኳ የጎታቹ የራሱ ክብደት ሲደመር ጠርዝ ላይ ነው፤ ሦስት አክስል ግን ሥራ ፈትቶ ይሄዳል። መሃል ላይ፣ ከፊት 6.2 ሜትር አካባቢ ሲቀመጥ 7.8 ቶን ወደ ጎታቹ፣ 16.2 ቶን ወደ ሦስቱ አክስሎች ይከፈላል። ትክክለኛው ይህ ነው። ትሬለሩ መሃል ላይ አራት የማዕዘን መቆለፊያ ከሌለው ያንን ኮንቴነር ለሌላ ትሬለር መተው ነው፤ በገመድ ታስሮ መሃል ላይ የሚሄድ ኮንቴነር አይታሰብም።

የኮንቴነሩ ሆድም ይጠየቃል። የጭነት አሞላል ደንቡ ከጠቅላላው ክብደት ከ60 በመቶ በላይ በግማሽ ርዝመቱ ውስጥ እንዳይታጨቅ ይላል። ታሽጎ ስለሚመጣ ማየት አይቻልም። ክሬኑ ሲያነሣው ወደ አንድ ጫፍ ካዘነበለ ግን ምልክቱ ያ ነው፤ ከባዱ ጫፍ የትኛው እንደሆነ አይቶ እንደዚያው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዞር። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ ኮንቴነር መርከብ ላይ የሚወጣው ክብደቱ ተረጋግጦ ስለሆነ ቁጥሩን ከትራንዚተሩ መጠየቅ ይቻላል። የዕቃው የተጣራ ክብደትና የኮንቴነሩ ጠቅላላ ክብደት ይለያያሉ፤ ለመኪናው የሚያስፈልገው ጠቅላላው ነው።

ሐሙስ፣ ሰበታ

በዓለምገናና በሰበታ በኩል የጠጠር መፍጫ፣ የአሸዋና የሰሌክት ማቴሪያል (ለመንገድ ሙሌት የሚመረጥ አፈር) ምልልስ አለ። መኪናው ገልባጭ ነው፤ ባለ ሦስት አክስል፣ ካሶኒው 16 ሜትር ኩብ። የዳርቻው መንገድ በጣም የሚጎዳው በዚህ መኪና ነው፤ ምክንያቱም ካሶኒው «ሞላ» የሚባልበት መጠንና አክስሉ የሚችለው መጠን አይተዋወቁም።

ቁጥሩን እንየው። ባዶው 12.5 ቶን ግድም ነው። ፊቱ 8፣ ሁለቱ የኋላ አክስሎች 10፣ 10 ቢያዙ ጠቅላላው 28 ቶን። ለጭነት የሚተርፈው 15.5 ቶን ነው። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ገደማ ስለሚመዝን 9.7 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። በሐምሌ ዝናብ የጠጣ አሸዋ 1.9 ቶን ይደርሳል፤ ያኔ 8.2 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፣ የካሶኒው ግማሽ። በእርጥብ አሸዋ እስከ ስፖንዳው የተሞላ ባለ 16 ካሶኒ 30.4 ቶን ጭኗል፤ ከባዶው ጋር 43 ቶን። የሚፈቀደውን ያህል በላዩ ደርቧል ማለት ነው። ካሶኒው ሞልቶ ወሰኑ አካባቢ የሚቆመው ሬድ አሽ (ቀላሉ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ነው፤ በሜትር ኩብ ከ0.9 እስከ 1 ቶን ስለሆነ 16 ሜትር ኩቡ ከ14.4 እስከ 16 ቶን ላይ ያርፋል።

ስለዚህ በገልባጭ ላይ ልኬቱ በቀለም ነው። የካሶኒው የውስጥ ግድግዳ ላይ ሁለት መስመር ይቀባ፤ አንዱ ለጠጠርና ለደረቅ አሸዋ፣ ዝቅ ያለው ለእርጥብ አሸዋ። ከፍታው የሚገኘው የተፈቀደውን ሜትር ኩብ ለካሶኒው ወለል ስፋት በማካፈል ነው። የሎደሩን ባኬት ማወቅም ይጠቅማል። 3 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት ደረቅ ጠጠር ሲዝቅ ወደ 4.8 ቶን ነው፤ ሦስት ባኬት ሞላ። አራተኛው ሲወርድ «ትንሽ ነው» የሚባለው 4.8 ቶን ነው። ሎደሩ የመጀመሪያውን ወደ ጋቢናው በኩል፣ ቀጣዩን መሃል ላይ ያውርድ፤ መጨረሻው ወደ ኋላ በር ከተደፋ የኋለኛው አክስል ብቻውን ይቀበለዋል።

ጎማው ምን ይላል? በብዙ ከባድ መኪና ላይ ያለው 315/80 አር 22.5 በጎኑ 156/150 የሚል ቁጥር ካለው፣ ለነጠላ 4,000 ኪሎ፣ ተጣምሮ ለሚሠራ 3,350 ኪሎ ማለት ነው። በ43 ቶኑ ገልባጭ ላይ የኋላ ስምንት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ወደ 4.3 ቶን ይሸከማሉ፤ ከአቅማቸው ሩብ ያህል በላይ። ጎኑ በየዙሩ አብዝቶ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ሽቦው ከላስቲኩ ይለቃል። ጎሚስታው «ድንጋይ ነው የቆረጠው» ቢልም ብዙ ጊዜ የቆረጠው ሙቀት ነው። ጥንዶቹ እኩል ነፋስ ካልያዙ ደግሞ ይብሳል፤ የተነፈሰው ሲቀንስ ወንድሙ የሁለት ሰው ሸክም ይሸከማል። ልኬቱ ጧት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ የውስጠኛውን ጭምር።

ከጎማ በኋላ የሚከተለው የባሌስትራው ዋና ቅጠል ነው፤ መሃሉን የሚወጋው ቡሎን ባለበት ይሰነጠቃል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያቅፉት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ዳዷቸው ከላላ ቅጠሉ መሃሉ ላይ ይተጣጠፋል፣ መሰንጠቁም ከዚያ ይጀምራል። አዲስ ባሌስትራ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ጭነት እንደወረደ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ።

መንገዱ የሚጎዳበት ስሌት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የኢትዮጵያ መንገዶች የንጣፍ ንድፍ መመሪያ የአክስሉን ኪሎ ለ8,160 (ለመደበኛው አክስል ኪሎ) አካፍሎ ውጤቱን ወደ 4.5 ኃይል ያነሣዋል። 10 ቶን አክስል 2.5 ይወጣዋል። 13 ቶን አክስል 8.1። ክብደቱ 30 በመቶ ሲጨምር የሚያደርሰው ጉዳት ከሦስት እጥፍ አለፈ። በሰበታ መውጫ በጎማ መስመር ልክ የተቦረቦረው አስፋልት የዚህ ስሌት ውጤት ነው፤ ያ ቦይ ውኃ ይይዛል፣ ውኃው ሥሩን ያለሰልሳል፣ በክረምቱ መጨረሻ ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ባሌስትራውን የሚሰብረው ያው ገልባጭ ነው።

ማራገፊያው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ መሬቱ ወደ ጎን ማዘንበል የለበትም። እርጥብ ሰሌክት ከካሶኒው የፊት ጥግ ጋር ይጣበቃል። ካሶኒው ሲነሣ የኋለኛው ይወርዳል፣ የተጣበቀው ከላይ ይቀራል፣ የክብደቱ ማዕከል ወደ ሰማይ ይወጣል። ያኔ አንዱ የኋላ ጎማ በለስላሳ አፈር 10 ሳንቲሜትር ከሰመጠ ገልባጩ በጎኑ ይተኛል። ካሶኒው ተጣብቆ ሲቀር ወደፊትና ወደ ኋላ እያንገጫገጩ ማራገፍ ክልክል መሆን አለበት፤ ዝቅ አድርጎ በአካፋ ማላቀቅ ነው።

ዓርብ፣ ሱሉልታ

የእንጦጦን ጀርባ ወርዶ ሱሉልታ፣ ከዚያ ጫንጮ። ከደርባ የሚወጣው ሲሚንቶ በዚህ መንገድ ነው ወደ ከተማ የሚገባው፤ አጣናና ጭድም እንዲሁ። ሚዛን ላይ የተነበበው ቁጥር ለሜዳ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ቁጥሩን ይቀይሩታል።

የሰኞው መኪና 100 ኩንታል ጭኖ 16.5 ቶን ነው። የመላው ክብደት ማዕከል ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ በ8 በመቶ ዳገት 530 ኪሎ ያህል ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሻገራል። ሜዳ ላይ ልክ 10 ቶን የነበረው የኋላ አክስል 10.5 ሆነ። መሪው የሚቀለውም ለዚህ ነው፤ ሜዳ ላይ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ የከበደ መኪና ዳገት ላይ መሪው ቢዞርም ፊቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ሌላ ነው። ጠንከር ያለ ፍሬን (ከክብደቱ 30 በመቶ) ሲያዝ ወደ 2 ቶን በቅጽበት ወደ ፊት ይመጣል። ፊት ላይ ሰኞ የተተወችው ቦታ ትርፍ አይደለችም፤ ለዚህች ቅጽበት ነች። ፊቱን 8 ቶን ድረስ ሞልቶ የሚወርድ መኪና የፊት ፍሬኑና ጎማው ላይ 10 ቶን እያሳረፈ ነው።

የፍሬን ሙቀት ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል። በአንድ ቁልቁለት ላይ 28 ቶን የሚያወጣው ሙቀት 100 ቢሆን 40 ቶን 143 ያወጣል፤ ታምቡሩ (ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት) ግን ያው ነው። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከፍሬን ሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ይረዝማል፣ ሸራውም መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው ከመውረዱ በፊት፣ አናቱ ላይ ነው። ያንን ዳገት ጭኖ በሚወጣበት ማርሽ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ባለ፣ የሞተር ብሬክ ተከፍቶ። ፍሬኑ በአጭሩ ጠንከር ብሎ ተይዞ ይለቀቅ፤ በቀላሉ እየነኩ ለኪሎ ሜትሮች መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ተሳቢ ካለ የተሳቢው ፍሬን አየር መድረሱ ሱሉልታ ላይ ሳይሆን ከመነሳት በፊት ይፈተሻል።

አጣና ሌላ ችግር አለው፣ ከፍታ። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከደረቀው በብዙ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለፈው ወር የተጫነውን ቁመት ዛሬ መድገም አይቻልም። ቁመቱ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የክብደቱ ማዕከል ከ1.6 ሜትር ወደ 2.2 ሜትር ከፍ ሲል መኪናው በመታጠፊያ ላይ የሚገለበጥበት ፍጥነት 15 በመቶ ያህል ይወርዳል። በ50 ይታጠፍ የነበረ ኩርባ በ43 ይገለብጣል፤ ኩርባው ያው፣ ኪሎውም ያው። ከባዱን ግንድ ከሥር፣ ቀጭኑን አጣና ከላይ፤ ወፍራም ጫፋቸውም አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እየተቀያየረ፣ አለዚያ ጭነቱ ወደ አንድ ጫፍ ይከብዳል። ሲሚንቶ በዚህ በኩል ጥሩ ጭነት ነው፤ 100 ኩንታል በዚህ ካሶኒ ላይ ተዘርግቶ ከግማሽ ሜትር አይበልጥም።

ቅዳሜ፣ ለገጣፎና ሰንዳፋ

ዛሬ የሚጫነው 90 ኩንታል የሱቅ ዕቃ ነው፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና። ግማሹ ለገጣፎ ይራገፋል፣ ግማሹ ሰንዳፋ። ሲነሣ ፊቱ 5.48፣ ኋላው 10 ቶን ላይ ነው።

ለገጣፎ ላይ የኋለኛው ግማሽ ካሶኒ፣ 45 ኩንታል፣ ወረደ። ግማሽ ጭነት ስለወረደ ሁሉም አክስል የቀለለ ይመስላል። ኋላው በእርግጥ ወደ 5.1 ቶን ወረደ። ፊቱ ግን ወደ 5.89 ወጣ፤ 400 ኪሎ ጨመረ። ምክንያቱ የኋለኛው ግማሽ ካሶኒ መሃል ከኋላ አክስል 45 ሳንቲሜትር አልፎ ስለሚገኝ፣ እዚያ የተቀመጠው ጭነት ፊቱን ወደ ላይ ሲያነሣ ቆይቷል። ሲወርድ ፊቱ ተመለሰ። በዚህ መኪና 5.89 ጉዳት የለውም። ፊቱ መጀመሪያውኑ 7.8 የሆነ መኪና ቢሆን ግን ጭነት ቀንሶ ወሰን ያልፍ ነበር፤ ሚዛን ላይ «ግማሹን አራግፌ እንዴት ትርፍ ይባላል?» የሚለው ሙግት የሚነሣው ከዚህ ነው።

በተቃራኒው የፊተኛው ግማሽ ቀድሞ ቢወርድ የቀረው 45 ኩንታል ማዕከሉ ከኋላ አክስል ጀርባ ይሆናል፤ ፊቱ ከባዶው 3.5 እንኳ ዝቅ ብሎ 3.1 ቶን ይሆናል። በጭቃማው የሰንዳፋ መንገድ ላይ መሪው የማይታዘዝ መኪና ይህ ነው።

ስለዚህ የማራገፊያው ቅደም ተከተል ሲጫን ነው የሚወሰነው። ሁለት ደንበኛ ካለ ጭነቱን ከፊትና ከኋላ ከመክፈል ይልቅ በቁመት፣ ግራና ቀኝ ሳይሆን በየረድፉ ታችና ላይ ማድረግ ይሻላል፦ የሰንዳፋው ከሥር በካሶኒው ሙሉ ርዝመት፣ የለገጣፎው ከላዩ፣ በመካከላቸው ሸራ። ከባዱ ዱቄትና ስኳር ከሥር ቢሆን፣ ሳሙናና ካርቶን ከላይ። ይህ ካልተመቸና ከፊትና ከኋላ መክፈል ግድ ከሆነ፣ ለገጣፎ ላይ ከወረደ በኋላ የቀረውን ከጋቢናው ሥር አንስቶ ወደ ካሶኒው መሃል መግፋት ነው፤ ስምንትና አስር ኩንታል ማንቀሳቀስ ለሁለት ጫኝ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ግራና ቀኝ መከፋፈል ግን አይሞከር። አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ወገን ባሌስትራውን ብቻውን ይጫነዋል፣ መኪናውም ወደ ቦዩ ያዘነብላል።

ዘይት በበርሜል ከሆነ ግማሽ የሆነ በርሜል አይጫን፤ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ፈሳሽ በየፍሬኑ ክብደቱን ይዞ ወደ ፊት ይሮጣል። ቦቴ ነጂዎች ግማሽ ጭኖ መሄድን የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰንዳፋ ላይ ካሶኒው ባዶ ሆነ። ከመመለስ በፊት የሚታዩ አሉ። የባሌስትራ ቅጠሎች ተሰንጥቀው እንደሆነ በባትሪ መብራት፣ የዩ ቡሎኖቹ ዳዶ በቁልፍ፣ የቸርኬው ዳዶዎች ዙሪያ ዝገት የሚመስል ቀይ ዱቄት ካለ የላላ ዳዶ ምልክት ነው፣ የሞዞው ክዳን በእጅ ጀርባ ቀረብ ተደርጎ፤ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬኑ አልተለቀቀም ወይ ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ሞራሌዎቹና ሰንሰለቶቹ ከወለሉ ተነሥተው ጋቢናው ሥር ይታሰሩ፤ በባዶ ካሶኒ ላይ ልቅ የተተወ ሞራሌ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ወደ ኋለኛው መኪና መስታወት ይዘላል።